የመምህራን መምህር፦ ወይዘሮ ኤላ ፍላግ ያንግ
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



መሐንዲስ ስለ መምህራን አሠልጣኝ ለመናገር መነሣቱ ከሙያው ድንበር የወጣ ያስመስለው ይሆናል። ይሁን እንጂ እኛም በየሥራ ቦታችን ወጣት መሐንዲሶችንና ፎርማኖችን የምናስተምር፣ ነገ ሥራውን የሚመሩትን ዛሬ የምናዘጋጅ ነን። ስለዚህ በአሜሪካ፣ በቺካጎ ከተማ መምህራንንና የትምህርት ቤት መሪዎችን ሲያዘጋጁ ስለ ኖሩት ስለ ወይዘሮ ኤላ ፍላግ ያንግ ጥቂት ልናገር እወዳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወይዘሮ ያንግ በ1845 ተወልደው፣ በ1862 ገና በ17 ዓመታቸው ማስተማር ጀመሩ። ጥቂት ቆይተውም ዕጩ መምህራን የማስተማር ልምምድ የሚያደርጉበትን ትምህርት ቤት በኃላፊነት ያዙ። ቀጥሎም ርእሰ መምህር፣ ከ1887 እስከ 1899 ድረስ ደግሞ የከተማው ትምህርት ቤቶች ረዳት ኃላፊ ሆነው ሠሩ። በ1899 ከዋናው ኃላፊ ጋር በአሠራር ባለመስማማታቸው ሥራቸውን ለቀቁ።

ብዙዎች ጡረታን በሚያስቡበት ዕድሜ እርሳቸው ወደ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ከፈላስፋው ከጆን ዲዊ ጋር ሠርተው በ1900 የዶክተርነት ማዕርግ ሲቀበሉ ዕድሜያቸው 55 ነበር። እስከ 1904 ድረስም በዚያው ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። ዲዊም ከእርሳቸው ብዙ መማሩን ከመመስከር አልተቈጠበም፤ አርባ ዓመት ገደማ በትምህርት ቤት የዋለ ሰው ለፈላስፋም የሚያካፍለው አያጣምና።

የጥናታቸው ርእስ በትምህርት ቤት ውስጥ ስላለው መነጣጠል ነበር። የሚያስበው ከላይ፣ የሚፈጽመው ከታች ሆኖ ሲለያይ ትምህርት ይሞታል፤ እንዲያስብ ያልተፈቀደለት መምህር ተማሪውን ማሰብ ሊያስተምረው አይችልም፤ የሐሳባቸው ፍሬ ይህ ነው። መድኃኒቱም መምህራን በነጻነት የሚመክሩበት ጉባኤ በየትምህርት ቤቱ ማቋቋም ነው አሉ።

ይህ ነገር እኛን በቀጥታ ይነካናል። ንድፉን የሚያወጣው በቢሮ ያለው መሐንዲስ ነው፤ ከመሠረቱ ጉድጓድ ሥር ውሃ መመንጨቱን አስቀድሞ የሚያየው ግን ቈፋሪው ነው። ቈፋሪው «ምን አገባህ» መባልን ከለመደ ዝም ይላል፤ የዝምታው ዋጋ ግድግዳው ሲሰነጠቅ ይታወቃል። በእርግጥ ምክክር ጊዜ ይወስዳል፣ ኃላፊነትንም ያላላል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ነገር ግን መጠየቅና መወሰን የተለያዩ ናቸው፤ ብዙዎች ቢጠየቁም በንድፉ ላይ የሚፈርመው ያው አንዱ ባለሙያ ነው።

ወይዘሮ ያንግ ሐሳባቸውን በወረቀት ብቻ አልተዉትም። ከ1905 እስከ 1909 የቺካጎን የመምህራን ማሠልጠኛ መሩ። በ1909 የከተማው ትምህርት ቤቶች ዋና ኃላፊ ሲሆኑ በአሜሪካ የታላቅ ከተማ ትምህርት ቤቶችን የመሩ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ፤ በ1910ም የአገሪቱ ብሔራዊ የትምህርት ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። በ1913 መጨረሻ የትምህርት ቦርዱ ከሥልጣን ቢያስወርዳቸው፣ የከተማው ሕዝብ፣ በተለይም ሴቶቹ፣ ተቃውሞ አንሥተው ወደ ቦታቸው አስመለሷቸው። በ1915 ጡረታ ወጡ፤ በ1918 ዐረፉ።

እንግዲህ ለማኅበራችን አባሎች የማቀርበው አሳብ አጭር ነው። በየሳምንቱ የሥራ ስብሰባ መጀመሪያ የሚናገረው ፎርማኑ ይሁን፤ መሐንዲሱ በመጨረሻ ይናገር። የምናሠለጥነውንም ወጣት ስንመዝን «የታዘዘውን ፈጸመ ወይ?» ብለን ብቻ አንለፈው፤ «ያየውን ተናገረ ወይ? እኛስ ሰማነው ወይ?» ብለን እንጠይቅ። ሁለተኛው ጥያቄ የሚመዝነው እኛን አሠልጣኞቹን ነው።