የባልቴት ዐይንና የቤት ኑሮ



በአንድ ቤት ውስጥ በዕድሜ የተቀራረቡ ባልና ሚስት ሲታዩ፥ አንዳንድ ጊዜ ሽማግሌው አጥርተው ሲያዩ ባልቴቲቱ ግን ዐይናቸው ደክሞ ይገኛል። ሰውም «እርጅና ነው፤ ምን ይደረጋል» ብሎ ያልፈዋል። ነገር ግን እርጅና ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለቱንም በነካ ነበር። ብዙውን ጊዜ ልዩነቱ የሚመጣው ከቤት ኑሮ ነው።

የዐይን ማዝ፥ ይኸውም ሐኪሞች ትራኮማ የሚሉት በሽታ፥ በዐይን ከማትታይ ረቂቅ ተሐዋሲ የሚመጣ ነው። ተሐዋሲዋ የምትበዛው በትንንሽ ልጆች ዐይን ነው፤ ከልጁም ዐይናር በዝንብ፥ በእጅና በጨርቅ ወደ ሌላው ትተላለፋለች። ሕፃኑን የሚያዝል፥ ፊቱንም የሚጠርግ ማን እንደ ሆነ የታወቀ ነው። እናት በነጠላዋ ጫፍ የልጇን ፊት ጠርጋ በዚያው ጫፍ የራሷን ዐይን ታብሳለች። ልጆቿ ሲያድጉ ደግሞ የልጅ ልጆች ይተካሉ፤ በሽታውም እየተመላለሰ ዕድሜዋን ሁሉ ይከተላታል። ውሃ ከሩቅ ምንጭ በጀርባ በሚቀዳበት ቤት ለወጥና ለመጠጥ እንጂ ለፊት መታጠቢያ አይተርፍም። አዚትሮማይሲን የሚባለው መድኃኒት ለታመመው ብቻ ሳይሆን ለመንደሩ ሕዝብ ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚታደለውም በዚህ ምክንያት ነው።

በሽታው በብዙ ዓመት ተደራርቦ የላይኛውን የዐይን ቆብ ከውስጥ ያቈስለዋል። ጠባሳውም ሲኰማተር ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ሽፋሽፍቱም ዐይኑን እየፋቀ ያጠፋዋል። ብዙ እናቶች በወረንጦ ይነቅሉታል፤ ለጊዜው ያሳርፋል፤ ጠጉሩ ግን ተመልሶ ይበቅላል። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2005 እና በ2006 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተደረገው ምርመራ፥ ከዕውርነት ግማሽ ያህሉ በዐይን ሞራ፥ ከመቶ 11 ያህሉ ደግሞ በማዝ ምክንያት የመጣ ሆኖ ተገኝቷል። ሞራ ቢገፈፍ ብርሃን ይመለሳል፤ በማዝ የጠፋ ዐይን ግን አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። ስለዚህ ቆቡ መቃናት ያለበት ብርሃን ሳይጠፋ ነው።

የማቃናቱ ሥራ ረጅም አይደለም። ስፍራው በመርፌ ደንዝዞ የሠለጠነ የጤና ሠራተኛ በጤና ጣቢያ ይፈጽመዋል፤ ታካሚውም በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይገባል። የሚከብደው ከቤት መውጣቱ ነው። እንጀራ ማን ይጋግራል? ሕፃኑን ማን ይይዛል? መንገዱንስ ማን ይመራል? ምራት ያላቸው ይሄዳሉ፤ ብቻቸውን የሚኖሩት ይቀራሉ። ወንድ ልጅም እናቱን ቢወድም «አዝመራው ይሰብሰብ» ይላል፤ ከአዝመራ በኋላ ሠርግ ይመጣል፤ ከሠርግ በኋላ እርሻ ይደርሳል። እናትም ልጃቸውን ላለማስቸገር ሕመማቸውን ይደብቃሉ። ደግነት ነው፤ ዋጋው ግን ዐይን ነው።

ጉዳቱ በባልቴቲቱ ብቻ አይቀርም። ዕውር የሆኑ እንደ ሆነ በትራቸውን ይዞ የሚመራቸው ብዙ ጊዜ ከቤቱ ልጆች አንዱ ነው፤ ያም ልጅ ከትምህርት ይቀራል። መምህሩ በስም መጥሪያው ላይ «ቀሪ» ብሎ ከጻፈ በኋላ ምክንያቱን ቢመረምር፥ አንዳንድ ጊዜ የአያቱን ዐይን ያገኛል። ሽማግሌዎችም በዕድር ስብሰባ ማን ማንን እንደሚመራ ቢቈርጡ፥ ሁለት ሦስት ባልቴቶች በአንድ መሪ ሊሄዱ ይችላሉ። መሪው ግን ለአንድ ቀን ብቻ አይያዝ፤ ከሳምንት ያህል በኋላ የስፌቱን ክር ለማስወጣት ዳግመኛ መሄድ ያስፈልጋል፤ በአንዳንዱም ሰው ቆቡ ከወራት በኋላ ተመልሶ ይታጠፋልና ሽፋሽፍቱ እንደ ገና መታየት አለበት።