አምስት ቀን በሼላ
ለአጭር የባህል ጉዞ የቀረበ የዝግጅት ሐሳብ



የዛሬው ንግግሬ ስለ ድልድይ ወይም ስለ ግድብ አይደለም፤ ማኅበራችን ለአባላቱ ሊያዘጋጅ ስላሰበው አጭር የባህል ጉዞ ነው። እንዳቀርብ የተጠየቅሁት በአንድ በኩል የቦታውን መግለጫ፣ በሌላ በኩል የዝግጅቱን ዝርዝር ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ስመረምር ግን አንዱን ከሌላው ለመለየት አልቻልሁም። መቼ እንሂድ፣ ስንት ሆነን እንሂድ፣ መጀመሪያ ምን እንይ ለሚሉት ጥያቄዎች መልሱ የሚገኘው ከቦታው ጠባይ እንጂ ከጉዞ ወኪል የማስታወቂያ ወረቀት አይደለምና።

ቦታው ሼላ ይባላል። በኬንያ ሰሜናዊ የባሕር ጠረፍ፣ በላሙ ደሴት ላይ፣ ከላሙ ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ትንሽ መንደር ናት። ከፊቷ የማንዳ ደሴት፣ ከኋላዋ የአሸዋ ኮረብታዎች፣ ከኮረብታዎቹ ግርጌ ደግሞ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘረጋ የባሕር ዳርቻ አለ። በጠባብ መንገዶቿ መኪና አያልፍም፤ ስሚንቶው፣ ድንጋዩና የእንግዳው ሻንጣ የሚጓጓዘው በአህያ ጀርባ ነው። ጎረቤቷ የላሙ ጥንታዊ ከተማ በምሥራቅ አፍሪካ ካሉት የስዋሂሊ ከተሞች ሁሉ ይበልጥ ያረጀችና ይበልጥ ሳትነካ የቆየች ናት ተብላ በ1994 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ስለ ሼላ የጻፉ ብዙዎች «ሰው የማይቸኩልባት መንደር» ይሏታል። እኔ ይህን አባባል በጥንቃቄ ነው የምቀበለው። ባሕሩ ሳይጎድል ጀልባውን ከጥልቁ ለማድረስ የሚሮጥ ዓሣ አጥማጅ ያየ ሰው እዚያ ችኮላ የለም አይልም። የሚለየው የችኮላው ሰዓት ብቻ ነው።

ስለ ሰዓት ካነሣን ለእኛ የሚመች አንድ ነገር አለ። ስዋሂሊዎች እንደ እኛው ሰዓት የሚቆጥሩት ከንጋት ጀምረው ነው። ጀልባ ቀዛፊው «ሳአ ምቢሊ» ሲል ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው፤ በዚህ ቃል የሚደናገረው የኤውሮፓ እንግዳ እንጂ ኢትዮጵያዊ አይደለም። የሆቴል ጸሐፊው ግን ለእንግዳ ሲል በኤውሮፓ አቆጣጠር ሊናገር ይችላልና ማን እንደተናገረ እያስተዋልን እንቀጠር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ይኸውም ውሃ ነው። ከሼላ በስተጀርባ ያሉት የአሸዋ ኮረብታዎች ለዓይን ውበት ብቻ የቆሙ አይደሉም። ዝናቡ በአሸዋው ውስጥ ሰርጎ ከታች ይጠራቀማል፤ የላሙ ከተማም በጉድጓድ የምትቀዳው ውሃ የሚመነጨው ከዚያ ነው። ጣፋጩ ውሃ ከጨው ውሃ ስለሚቀል፣ መካከሉ እንደ ወፈረ የመነጽር ብርጭቆ ሆኖ በጨው ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ይህን ጊቤንና ሄርዝበርግ የተባሉ ሊቃውንት ያስረዱበትን ሕግ በትምህርት ቤት የሠራነው ነው፤ የባሕር ውሃ ክብደት ከጣፋጩ በ40 አንድ እጅ ያህል ስለሚበልጥ፣ ጣፋጩ ውሃ ከባሕር ወለል በላይ በ1 ሜትር ከፍ ቢል ከወለሉ በታች ወደ 40 ሜትር ይወርዳል። ሒሳቡ ተገልብጦ ሲነበብ ነው የሚያስፈራው። በጉድጓዱ አካባቢ የውሃው ከፍታ በ10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ከቆየ የጨዉ ውሃ ከታች ወደ 4 ሜትር ከፍ ሊል ይችላል። በኮረብታዎቹ ላይ ቤት ሲሠራና መጸዳጃ ሲቆፈር ደግሞ ብክለቱ ይጨመርበታል።

እንግዲህ አዘጋጅ ኮሚቴው በመጀመሪያ ያቀረበው 40 ሰው ለ5 ቀን እንዲሄድ ነበር። አንዱ ሰው በቀን 150 ሊትር ይፈጃል ብንል ድምሩ 30,000 ሊትር ይሆናል። እኔ 12 ሰው እንሁን፣ ባለ መዋኛ ገንዳ ሆቴል ይቅርብን፣ ለአንድ ሰው በቀን 60 ሊትር ይበቃል እላለሁ፤ ድምሩ 3,600 ሊትር ነው። በመንደሯ ዓመታዊ ፍጆታ ውስጥ የእኛ ልዩነት ኢምንት መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ውሃ ለማዳን ሲመክር የሚኖር የመሐንዲሶች ማኅበር በሰው ደሴት ላይ ሲሆን ምክሩን ቢረሳ አያምርም። ከዚህም ሌላ 12 ሰው በአንድ ግቢ ውስጥ ተቀምጦ ከባለቤቶቹ ጋር ሊነጋገር ይችላል፤ 40 ሰው ግን እርስ በርሱ እየተነጋገረ ይመለሳል።

ሁለተኛው ጉዳይ ቤቶቹ ናቸው፤ እውነቱን ለመናገር እኔን የሚስበኝ ከባሕሩ ይልቅ ይህ ነው። ግድግዳው የሚሠራው ከኮራል ድንጋይና፣ ኮራሉን በእንጨት ክምር ላይ አቃጥለው ከሚያወጡት ኖራ ነው። ጣራውን የሚሸከመው የማንግሮቭ እንጨት ነው፤ እንጨቱ ጠንካራ ቢሆንም ርዝመቱ ውስን ስለሆነ የክፍሉ ስፋት ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ገደማ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ክፍሎቹ ረጃጅምና ጠባብ ሆነው አንዱ ከሌላው ጀርባ ይደረደራሉ፤ ከደጅ ወደ ውስጥ በገባችሁ ቁጥር የቤተሰቡ ምሥጢር እየጠለቀ ይሄዳል። የቁስ ጠባይ የቤቱን ቅርጽ፣ የቤቱ ቅርጽ የኑሮውን ወግ እንዴት እንደሚቀርጽ ከዚህ ይበልጥ ግልጽ ምሳሌ አላውቅም። በውስጠኛው ግድግዳ ላይ በኖራ የተጌጡ ትናንሽ መደርደሪያዎች ረድፍ በረድፍ ተፈልፍለው ይታያሉ። ከደጃፉ ውጭ ደግሞ ባራዛ የሚሉት የድንጋይ መደብ አለ፤ ሽማግሌው የሚያርፍበት፣ ወሬና ንግድ የሚካሄድበት፣ እንግዳም ወደ ውስጥ ሳይገባ የሚስተናገድበት ነው። የሐረር ቤቶችን በሚገባ የተመለከተ ሰው መደቡንም የግድግዳውንም መደርደሪያ ሲያይ ዘመድ ያገኘ ያህል ይሰማዋል። ጀጎልም በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧልና፣ ከመሄዳችን በፊት ወደ ሐረር አንድ የቅዳሜና የእሑድ ጉዞ ብናደርግ ለንጽጽር ይረዳናል።

አንድ ነገር ልጨምር። በጥንቱ ቤቶች መታጠቢያ ክፍል ቢሪካ የሚባል የውሃ ገንዳ አለ። በገንዳው ውስጥ ትናንሽ ዓሦች ይቀመጡ ነበር፤ ሥራቸው የወባ ትንኝ እጭ መልቀም ነው። መድኃኒት ሳይረጭ፣ ሞተር ሳይነሣ የሚሠራ የጤና ጥበቃ ዘዴ ነው። ይህን ለማየት ሙዚየም መግባት ይበቃል፤ የሰው መታጠቢያ ክፍል ካልታየ ብለን ባለቤቶቹን ማስቸገር አይገባንም።

ጊዜውን በተመለከተ፣ የአካባቢው ዓመት በሁለት ነፋሶች የተከፈለ ነው። ካስካዚ የሚሉት ሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ከኅዳር መጨረሻ ገደማ እስከ መጋቢት ይነፍሳል፤ ኩሲ የሚሉት ደግሞ ከሚያዝያ በኋላ ከደቡብ ይመጣል፤ ባሕሩንም ያናውጣል፤ ረጅሙ ዝናብም የሚጥለው በመጀመሪያዎቹ ወራቱ ነው። ለእኛ የሚመቸው ከጥምቀት በኋላ ያለው የጥር ሳምንት ነው፤ ጾመ ነነዌ ካልገባችበት በቀር በምግቡም በኩል ችግር የለም። ነገር ግን ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደፊት እየመጣ ወደ ጥር ተጠግቷልና፣ ቀኑን ከመቁረጣችን በፊት የእስላም አቆጣጠርን መመልከት ግዴታ ነው። በጾም ወር ሄዶ በቀን ምሳ አምጡ ማለት የሚያሳፍር ነው።

ከወሩ ቀጥሎ የሚታየው የባሕሩ መሙላትና መጉደል ነው። ልዩነቱ ጨረቃ በምትሞላበትና በምትወለድበት ሰሞን ወደ 3 ሜትር ይጠጋል፤ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። በማንዳ ደሴት ላይ ያለውን፣ በ17ኛው ምዕተ ዓመት ሰው ጥሎት የወጣውን የታክዋን ፍርስራሽ ለማየት በማንግሮቩ መካከል የሚያስገባው ጠባብ የውሃ መንገድ የሚሠራው ባሕሩ ሲሞላ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1812 ወይም በ1813 የፓቴና የሞምባሳ ሠራዊት ላሙን ሊይዝ መጥቶ ሼላ ላይ ድል ሲሆን፣ ባሕሩ ጎድሎ መርከቦቹን በደረቅ አሸዋ ላይ ስለጣላቸው ማምለጥ እንዳልቻለ በአገሩ ሰው ዘንድ ይነገራል። የእኛ ፕሮግራም እንግዲህ በመጀመሪያ ከባሕሩ ሰንጠረዥ ጋር ይዛመድ፤ ምሳና እራት ከዚያ በኋላ ይሸጋሸጉ።

አሁን ብዙ ክርክር ወዳስነሣው ነጥብ ደርሻለሁ። ከአባላት አንዳንዶቹ «ወደ ላሙ ከሄድን አዲሱን ወደብ በመጀመሪያው ቀን እንይ» ብለዋል። አሳባቸው ይገባኛል። የላሙን ወደብ ከደቡብ ሱዳንና ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው የትራንስፖርት መስመር ሥራ የካቲት 23 ቀን 2004 ዓ.ም. ሲመረቅ የኬንያው ፕሬዚዳንት ምዋይ ኪባኪ፣ የደቡብ ሱዳኑ ፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪርና የአገራችን ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በቦታው ተገኝተዋል። የመጀመሪያው የመርከብ ማቆሚያ ግንቦት 12 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። ባሕር የሌላት አገር መሐንዲሶች ይህን ለማየት ቢጓጉ አይፈረድባቸውም።

ነገር ግን ወደቡ የተሠራበት የማንዳ ባሕር ሰርጥ ሰው ያልነበረበት ባዶ ውሃ አልነበረም። መርከብ እንዲገባ የባሕሩ ወለል ሲቆፈር ኮራሉና ማንግሮቩ ተጎድቷል፤ ትንንሽ ጀልባ ያላቸው ዓሣ አጥማጆችም የለመዱትን ቦታ አጥተዋል። በ2010 ዓ.ም. በማሊንዲ ያስቻለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለ4,600 ያህል ዓሣ አጥማጆች 1.76 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሣ እንዲከፈል ፈርዷል፤ ክርክሩና ድርድሩ ግን ከዚያም በኋላ ቀጥሏል። በላሙ አጠገብ ሊሠራ ታቅዶ የነበረውን የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ ፈቃድ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. የኬንያ የአካባቢ ጉዳይ ችሎት የሰረዘው ሕዝቡ በሚገባ አልተጠየቀም በማለት ነበር። የመስመሩ ጥናት ላይ የእኛ አገር ስም ተጽፎ ሳለ፣ እነዚህን ሰዎች ሳናነጋግር ወደቡን ብቻ ፎቶግራፍ አንሥተን ብንመለስ ጉዞው የባህል ጉዞ ሊባል አይችልም። ስለዚህ የእኔ አሳብ ወደቡ በአራተኛው ቀን እንዲታይ ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ከሚያጠምዱትና ጀልባ ከሚሠሩት ጋር እንቀመጥ። ጥያቄ ይዘን እንጂ መግለጫ ይዘን አንሂድ። «ወደቡ ያስፈልጋችኋል ወይ» ብለን ሳይሆን «ዱሮ የት ታጠምዱ ነበር፣ ዛሬስ የት ትሄዳላችሁ» ብለን እንጠይቅ፤ ከመልሱ የምናገኘው ትምህርት በጥናት ሰነድ ላይ አይገኝምና።

ስለ ጸጥታ በግልጽ መናገር ይገባል። በሰኔ 2006 ዓ.ም. በዋናው ምድር በምትገኘው በምፔኬቶኒ ከተማ ላይ ታጣቂዎች ባደረሱት ጥቃት ብዙ ሰው አልቋል። ከዚያ በኋላ በአውራጃው የሌሊት ሰዓት እላፊ ታውጆ እንግዳው ሲሸሽ፣ በሌሊት የሚያጠምደውም ሥራ ፈትቶ ነበር። ስለዚህ ከናይሮቢ እስከ ማንዳ የምንሄደው በአውሮፕላን ይሆናል፤ ከዚያ በጀልባ እንሻገራለን። ቲኬት ከመቁረጣችን በፊት የወቅቱ ሁኔታ ይጣራል፤ የማያስተማምን ከሆነ ጉዞው ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል።

ስለ አለባበስ ረጅም ቃል አያሻም፤ በመንደሩ ውስጥ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን፣ ሰው ሳይፈቅድ ፎቶግራፍ አይነሣ፣ ዓርብ ቀትር ላይ ቀጠሮ አይያዝ።

የቀረው የአስተርጓሚ ጉዳይ ነው። ስዋሂሊ የሚያውቁ ሁለት አባላት እንዳሉን ተነግሮኛል፤ የሁለቱም ስም ከ12ቱ መካከል በቅድሚያ እንዲገባ፣ ለሌሎቻችንም ከመነሻው 2 ወር በፊት በየሳምንቱ ሐሙስ ማታ በጽሕፈት ቤታችን የቋንቋ ትምህርት እንዲሰጠን አመለክታለሁ። መመዝገቢያው ወረቀት በጸሐፊው እጅ ነው።