«ማርኬት» እና «ገበያ»፦ ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ስም አጠቃቀም
(በሰባተኛ ለቋንቋ መምህራን የተደረገ ንግግር)



የተሰበሰብነው በሰባተኛ፣ በመርካቶ ደጃፍ ስለሆነ፣ የምንነጋገርበትን ቃል ከሩቅ መፈለግ አላስፈለገኝም። ይኸውም «ማርኬት» የተባለው የእንግሊዝኛ ስም ነው።

እንደሚታወቀው፣ ጣሊያኖች በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዙ በኋላ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ታላቅ ገበያ ለአገሬው ሕዝብ ብለው ወደዚህ አዛወሩት፤ በቋንቋቸውም «መርካቶ» አሉት። መርካቶም ማርኬትም ከአንድ የላቲን ቃል የተወለዱ ናቸው። ስለዚህ የሰፈሩ ልጅ ቃሉን ከቤቱ ይዞት የመጣ ይመስለዋል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

የኛ «ገበያ» ቦታውንም፣ የሽያጩንም ሁኔታ ይገልጻል። ነጋዴው «ዛሬ ገበያ የለም» ሲል ገዢ ጠፋ ማለቱ ነው። ተማሪው ይህንኑ ቃል በቃል «ዜር ኢዝ ኖ ማርኬት ቱዴይ» ቢለው፣ የውጭ አገሩ እንግዳ ገበያው ዛሬ አይውልም ብሎ ይረዳና መንገዱን ይቀጥላል። ሻጩም የመጣለትን ገዢ በገዛ አፉ ሸኘ ማለት ነው። የዕለት ሽያጭ መቀዝቀዝ በእንግሊዝኛ «ቢዝነስ ኢዝ ስሎው» ይባላል። «ዜር ኢዝ ኖ ማርኬት ፎር ኢት» ግን ዕቃው ራሱ ፈላጊ የለውም ማለት ነው።

መስተዋድዱም ፍቺውን ይለውጠዋል። «ኢን ዘ ማርኬት» ሲባል በገበያው ቦታ ውስጥ ነው፤ «ኦን ዘ ማርኬት» ሲባል ዕቃው ለሽያጭ ቀርቧል ነው፤ «ኢን ዘ ማርኬት ፎር ኤ ካር» የተባለለት ሰው ደግሞ መኪና ሊገዛ የሚፈልግ ነው።

በአንጻሩ «የገበያ ዋጋ» እና «ጥቁር ገበያ» በሁለቱም ቋንቋዎች ቃል በቃል ይገጥማሉ። «በርበሬ ተራ» ግን አይገጥምም። «ተራ» እዚህ ወረፋ ሳይሆን፣ አንድ ዓይነት ሸቀጥ የሚሸጥበት የገበያው ክፍል ነውና።

እንግዲህ ስሙን ብቻውን በሰሌዳ ጽፈን «ገበያ» ብለን ብንፈታው በቂ አይሆንም። ከአጃቢዎቹ ጋር እናስተምረው። ተማሪዎቻችንም ከመርካቶ «ገበያ» የሚል ቃል ያለባቸውን አሥር ዓረፍተ ነገሮች ለቅመው ይምጡ፤ ስለ ቦታ፣ ስለ ሽያጭ ወይስ ስለ ፈላጊ እንደሚናገሩ ይለዩ፤ ከዚያ በኋላ ይተርጉሙ። ያን ጊዜ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ትርጉሙንም ገበዩ ለማለት እንችላለን።