«እስቲ ከዚህ ጋዜጣ ቅዳልኝ»

(በምሩቃን የመገናኛ በዓል ላይ፣ አቃቂ ቃሊቲ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ሕዝብ ጋዜጣን እንዴት ያምናል?» በሚለው ላይ ተናገር ሲሉኝ ሳቅሁ። መልሱን የተማርኩት እዚሁ አቃቂ ነዋ!

ጀማሪ ጋዜጠኛ ሳለሁ «የአቃቂ የውኃ ችግር ተፈታ» የሚል ዜና ጻፍኩ። ምንጬ አንድ መግለጫ ብቻ ነበር። ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚወጣው ውኃ ለአዲስ አበባ ይከፋፈላል፤ እዚሁ ይጠፋል ብሎ ማን ይጠረጥራል? በሦስተኛው ቀን ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጡረታ የወጡ አንድ አባት ባዶ ቢጫ ጀሪካን ይዘው ዝግጅት ክፍላችን መጡ። ጋዜጣውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉና «ልጄ፣ የእኛ ቧንቧ ደርቋል፤ እስቲ ከዚህ ጋዜጣ ቅዳልኝ» አሉኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በማግስቱ ሄጄ አየሁ፤ ጀሪካኑ ተሰልፏል። ማረሚያ እናውጣ ስል ዋና አዘጋጁ «ስህተታችንን ራሳችን ከተናገርን ማን ያነበናል?» አሉ። ተከራከርን። በመጨረሻ ማረሚያው ዜናው በነበረበት ገጽ፣ በዚያው ቦታ ወጣ። «መግለጫውን ይዘን ሰፈሩን ሳናይ ጻፍን» ብለን ምክንያቱንም ነገርን። የፈራነው አልደረሰም። እንዲያውም የአንባቢ ደብዳቤ በዛ። እኚያ አባትም እየደወሉ የሰፈሩን ጉዳይ ይነግሩኝ ጀመር፤ አንዳንዴም ይቆጡኛል።

ከዚያ ወዲህ ስጽፍ ሦስት ነገር እለያለሁ፦ ያየሁትን፣ የነገሩኝን፣ ጠይቄ መልስ ያጣሁበትን። አንባቢ ይህን ሲያውቅ ራሱ ይፈርዳል።

የእኛ አገር አንባቢ እንዲሁ በቀላሉ አያምንም፤ ምክንያትም አለው። በንጉሡም በደርግም ዘመን ጋዜጣ በሳንሱር አልፎ ነው የሚወጣው። ሳንሱሩን የሻረው የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 34 የወጣው በ1985 ነው። እስከዚያ ሕዝቡ ጋዜጣን እንደ ቅኔ፣ ሰሙን ከወርቁ እየለየ ማንበብ ለምዶ ነበር። ከዚያም በኋላ ቢሆን ቃሊቲ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው እነ እስክንድር ነጋንና ርዕዮት ዓለሙን የመሰሉ ጋዜጠኞች የታሰሩበትን ወኅኒ ነው። ወኅኒው ስምንት ዞን ስለነበረው ወጣት ጦማሪዎች ውጭ ያለውን አገር «ዞን ዘጠኝ» ብለው ጠሩት፤ ሚያዝያ 2006 ስድስቱ ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ታሰሩ። ጠያቂ በሚታሰርበት አገር ወሬ ከዜና ይልቅ ቢታመን አይግረመን።

ይህን ሁሉ የምለው የእኛን የጋዜጠኞችን ጥፋት በመንግሥት ለማላከክ አይደለም። የጀሪካኑን ዜና ሳላጣራ እንድጽፍ ማንም አላስገደደኝም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ከመካከላችን መሐንዲስ አለ፣ ሐኪም አለ፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊም አለ። በ2000 የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ከመንግሥት አካላት መረጃ የመጠየቅን መብት ለጋዜጠኛ ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም ሰው ሰጥቷል። ስለዚህ ጋዜጠኛ ሲደውል «ስብሰባ ላይ ነኝ» አትበሉ። ስንሳሳት ደግሞ ሻይ ቤት ተቀምጣችሁ አትሙን፤ ጻፉልን፣ ደውሉልን፣ ካስፈለገም ጀሪካናችሁን ይዛችሁ ኑ።