ኮምፒዩተር አልጀብራን እንዴት ይሠራል? እኛስ ለምን እንማረዋለን?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



የመረጥሁት ነገር ኮምፒዩተር አልጀብራ የሚባለው ትምህርት ነው። ይህ ትምህርት በጥልቀት የሚሰጠው በዩኒቨርሲቲ ከመጀመሪያው ዲግሪ በኋላ ስለ ሆነ ለእኛ ገና ሩቅ ነው። ዳሩ ግን በክፍላችን ዘወትር የሚነሣ አንድ ጥያቄ ስላለ ከዚያው ብጀምር ይሻላል። ጥያቄውም «ስልክ እኩልታውን በቅጽበት ፈትቶ ካሳየን፣ እኛ በእርሳስና በወረቀት የምንደክመው ለምንድር ነው?» የሚል ነው። ይህን የሚጠይቁት ሰነፎች ብቻ አይደሉም፤ ስለዚህ መልስ ይገባዋል።

ኮምፒዩተር ከራሱ የሚያውቀው አልጀብራ የለም። የሚሠራው ሰው በጻፈለት ሥርዓት ነው። ሥርዓቱም ደረጃ በደረጃ የተጻፈ፣ መጨረሻ ያለውና ትክክለኛነቱ የተረጋገጠ መሆን አለበት። እንዲህ ያለው ሥርዓት አልጎሪዝም ይባላል። ስሙ የተወሰደው በ9ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ ይሠራ ከነበረው ከአልኽዋሪዝሚ ነው፤ አልጀብራ የሚለውም ቃል የመጣው ከእርሱ መጽሐፍ አርእስት ነው።

ለምሳሌ 84ንና 60ን ያለ ቀሪ የሚያካፍለውን ትልቁን ቁጥር እንፈልግ። 84 ለ60 ሲካፈል 24 ይቀራል፤ 60 ለ24 ሲካፈል 12 ይቀራል፤ 24 ለ12 ሲካፈል ምንም አይቀርም። ስለዚህ መልሱ 12 ነው። ይህ የግሪኩ ሊቅ የኤውክሊድስ ዘዴ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ኮምፒዩተርም ያልታወቀ ቁጥር፣ ሀ እንበለው፣ ያለባቸውን ረጃጅም የአልጀብራ ሐረጎች የጋራ አካፋይ የሚፈልገው በመሠረቱ በዚሁ መንገድ ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ ችግር ይመጣል። ዶናልድ ክኑዝ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በመጽሐፉ አንድ ምሳሌ አቅርቧል። በተሰጡት ሁለት ሐረጎች ውስጥ ከ21 የሚበልጥ ቁጥር የለም፤ መልሱም ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም የሚል ነው። ዳሩ ግን ክፍልፋይ እንዳይመጣ እያባዙ ሲሠሩት በመጨረሻው እርምጃ 35 አኃዝ ያለው ቁጥር ይወጣል! ጥያቄው ትንሽ፣ መልሱም ትንሽ ሆኖ ሳለ መካከሉ እንደ ሻያ ወንዝ በክረምት ይሞላል። ኮምፒዩተሩ ፈጣን ነው ብሎ መተው አይበቃም፤ ጥያቄው ትንሽ ሲያድግ ፈጣኑም ይሰጥማል።

መድኃኒቱ በቀሪ መቁጠር ነው። አንድ የዲንሾ እረኛ በጎቹን ሦስት ሦስት እያደረገ ሲቆጥር 1 ተረፈው እንበል፤ አምስት አምስት ሲያደርግ 2፣ ሰባት ሰባት ሲያደርግ 3 ተረፈው። በጎቹ ከ105 የሚያንሱ ከሆነ 52 ከመሆን በቀር ሌላ መልስ የለም። ሦስት ትንንሽ ቀሪዎች አንዱን ትልቅ ቁጥር ይዘውታል ማለት ነው። ይህ ከጥንት ቻይና የመጣ ሕግ ስለ ሆነ የቻይና ቀሪ ሕግ ይባላል። ኮምፒዩተሩም ረጅሙን ሥራ በትንንሽ ቀሪዎች ደጋግሞ ይሠራና በመጨረሻ መልሱን ይሰበስባል።

በቀሪ መቁጠር ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ለ2018 ዓ.ም. 5500 ጨምረው 7518 ይላሉ፤ ለ19 ሲያካፍሉት 13 ይቀራል፤ አንድ ቀንሰው ወንበሩን 12 ያደርጋሉ። 12 በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12፣ በ19 ተባዝቶ ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ይሆናል፤ ሁለቱ ሲደመሩም 30 ናቸው። ባሕረ ሐሳብ ኮምፒዩተር አልጀብራ ነው ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ማለት ማጋነን ይመስለኛል። ነገር ግን ያን የተማረ ልጅ ይህንን ለመጀመር ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ብዙ ያልታወቁ ቁጥሮች ያሉባቸውን ከባድ እኩልታዎች ደግሞ ብሩኖ ቡክበርገር እ.ኤ.አ. በ1965 በኢንስብሩክ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ባቀረበው ጽሑፍ መፍቻ አገኘላቸው፤ ውጤቱንም በመምህሩ በግሮብነር ስም ጠራው። ዘዴው መጨረሻ እንዳለው ተረጋግጧል፤ መቼ እንደሚጨርስ ግን ሌላ ነገር ነው፣ አንዳንዱ ጥያቄ ትልቁንም ኮምፒዩተር ያደክማል። በከፍተኛው ትምህርት የሚጠናው ይኸው ነው፤ ዘዴው ለምን ትክክል እንደ ሆነና ምን ያህል ሥራ እንደሚጠይቅ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን ልመለስ። ሀ በሀ ተባዝቶ 1 ሲቀነስለት፣ ያም ለ «ሀ ሲቀነስ 1» ሲካፈል ብዙዎቹ ፕሮግራሞች «ሀ ሲደመር 1» ብለው ይመልሳሉ። ሀ ራሱ 1 በሆነ ጊዜ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ በዜሮ መካፈል ስለሚሆን ትርጉም የለውም። ስልኩ ይህን አይነግረንም፤ የሚያስተውለው በእጁ የሠራ ተማሪ ነው። በአንጻሩ ደግሞ ኮምፒዩተር ሰውን ያርማል። ፈረንሳዊው ዶሎኔ የጨረቃን መንገድ በአልጀብራ ለማስላት 20 ዓመት ደከመ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ሥራው በኮምፒዩተር ሲመረመር ጥቂት ስሕተት ብቻ ተገኘበት። እኔ ከኮምፒዩተሩ ይልቅ የሰውዬው ነገር ያስደንቀኛል።

ይህን ትምህርት እመኛለሁ ብዬ ለአባቴ ብነግራቸው «እንጀራ ይሆናልን?» ብለው ጠየቁኝ። ስንዴ አምርተው ያስተማሩኝ ሰው ስለ ሆኑ መጠየቅ ይገባቸዋል። በስልክ ገንዘብ ሲላክ ምስጢሩን የሚጠብቀው በትልልቅ ቁጥሮች የሚሠራ የቀሪ ሒሳብ መሆኑን ነገርኋቸው። «ሐኪም ብትሆን ግን ጎባ ሆስፒታል ቅርብ ነው» አሉኝ። ክርክሩ ገና አላለቀም።

ወጪውን በተመለከተ ግን ይህ ትምህርት ለእኛ ይመቻል። ቤተ ሙከራ አይፈልግም፤ ማክሲማ፣ ሲንጉላርና እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ሴጅ ያለ ዋጋ የሚገኙ ፕሮግራሞች ናቸው። የሒሳብን የመጀመሪያ ዲግሪ እዚሁ ሮቤ በመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ማጥናት ይቻላል፤ ለከፍተኛው ዲግሪ ደግሞ በ1943 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅነት የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ክፍል አለ።

ለታናናሾቼ ለ9ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ጥያቄ ልተው። የእረኛው ጎረቤት በጎቹን ሦስት ሦስት እያደረገ ሲቆጥር 2፣ አምስት አምስት ሲያደርግ 4፣ ሰባት ሰባት ሲያደርግ 5 ተረፈው፤ በጎቹም ከ105 ያንሳሉ። ስንት ናቸው? ስልካችሁን ሳትነኩ ሠርታችሁ ለሒሳብ መምህራችሁ አሳዩ።