የበረሃ ጽጌረዳ አስተዳደግ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምኩት በገዛ እጄ ስለ ገደልኳት አንዲት አበባ ልነግራችሁ ነው። አበባዪቱ የበረሃ ጽጌረዳ ትባላለች። ስሟ ጽጌረዳ ይሁን እንጂ ከእውነተኛው ጽጌረዳ ጋር ዝምድና የላትም። በሀገራችን ምሥራቃዊና ደቡባዊ ቆላ፥ በሶማሊያ፥ በኬንያና ከባሕር ማዶ በዓረብ ምድር፥ ድንጋይና አሸዋ በበዛበት ስፍራ ትበቅላለች። ፔር ፎርስኮል የተባለው የተፈጥሮ ተመራማሪ ስለ እርስዋ የጻፈው መግለጫ፥ እርሱ በ1763 በየመን ከሞተ በኋላ በ1775 ታተመ (ዘመኖቹ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው)። በሳይንስ ስሟ አዴኒየም ኦቤሱም ነው። የፊተኛው ቃል ከዓደን ከተማ የተወሰደ ሲሆን፥ የኋለኛው «ወፍራም» ማለት ነው።

ውፍረቷም ያለ ምክንያት አይደለም። ከመሬት አጠገብ ያለው ግንዷ እንደ እንስራ ያበጠ ነው፤ ዝናም ሲገኝ ውሃ ታጠራቅምበታለች። ድርቅ ወይም ብርድ ሲመጣ ቅጠሏን አራግፋ በዚያ ስንቅ ትቈያለች። ያን ጊዜ ላያት ሰው የሞተች ትመስላለች፤ ነገር ግን ማረፏ ነው።

እኔ ይህን አላወቅሁም ነበር። ከቆላ ዘመዶቼ ቤት አንዲት ችግኝ በጣሳ ይዤ ወደ አዲስ አበባ መጣሁ። በኅዳር ብርድ ቅጠሏ ቢረግፍ «ጠምቷት ነው» ብዬ ጧትና ማታ አጠጣኋት። እርስዋ በከፋች ቍጥር እኔ ውሃ ጨመርኩ። በመጨረሻ ግንዷ ለስልሶ ሸተተ። የበረሃ ፀሐይ ያልገደላት፥ በእኔ ደግነት በስብሳ ሞተች።

ስለዚህ ማሳደግ የሚፈልግ ሁሉ የሚከተለውን ያስታውስ። አንደኛ፥ ትልቁን ተክል ከበረሃው ነቅሎ ከማምጣት ይልቅ ከዘር ማብቀል ይሻላል። ዘሩ ሳይቈይ በእርጥብ አሸዋ ላይ ተጋድሞ በስሱ ቢሸፈንና ሙቀት ቢያገኝ፥ በአንድ ሳምንት ገደማ ይበቅላል። ሁለተኛ፥ መረሬ አፈር ውሃ ስለሚይዝ አይስማማትም፤ ሁለት እጅ አሸዋና ጠጠር ከአንድ እጅ አፈር ጋር ቀላቅሎ፥ ከበታቹ በተበሳ የሸክላ ዕቃ መትከል ነው። ሦስተኛ፥ ፀሐይ አትንፈጓት፤ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ ግን ወደ ቤት አስገቧት። አራተኛ፥ ቅጠል ሲኖራት አፈሩ ደህና አድርጎ ከደረቀ በኋላ ብቻ አጠጧት፤ ቅጠሏን ስታራግፍ ውሃውን ተዉት። አምስተኛ፥ ስትቈረጥ የሚወጣው ፈሳሽ መርዝ ነው፤ በጥንት ጊዜ የአፍሪካ አዳኞች ፍላጻቸውን ይቀቡበት ነበር። እጃችሁን ታጠቡ፤ ከሕፃናትም አርቋት።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ነገ ተመርቀን ከመካከላችን ብዙዎች ወደማናውቀው ስፍራ እንሄዳለን። ያን ጊዜ የደረቀ የመሰለንን ሁሉ ለማጠጣት እንቸኵል ይሆናል። እኔ ግን ከማጠጣቴ በፊት ያችን ችግኝ ያሳደጉትን አክስቴን አንድ ቃል ብጠይቅ ኖሮ፥ አበባዪቱ ዛሬ በሕይወት በኖረች ነበር። በኋላ ነገሩን ስነግራቸው ስቀው፥ «ልጄ፥ ማን አጠጣ አለህ?» አሉኝ።

አክስቴ ደግመው ጥቂት ዘር ልከውልኛል። ለማሳደግ የሚወድ ከስብሰባው በኋላ ይምጣና ይውሰድ፤ ውሃውን ግን ቀስ ይበል።