ቅድሚያ ለውሃው፣ ጎመኑ ይደርሳል

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በአትክልት ቡድኑ ስም የቀረበ ንግግር)



የአትክልት ቡድናችን ዛሬ ሪፖርት የሚያቀርበው አንድ ውሳኔ ለመጠየቅ ነው። ከመገናኛ በላይ፣ ወደ የካ ተራራ በሚወስደው ዳገት ላይ በማኅበራችን ስም የያዝነው ግማሽ ሄክታር መሬት የታችኛው አጋማሽ እርከን ተሠርቶለት አትክልት ይዟል። የላይኛው አጋማሽ ገና ነው። ብዙዎቻችሁ፣ “የቀረውን አሁኑኑ ቆፍረን ለምን ጎመን አንተክልበትም? እርከኑ ቀስ ብሎ ይደርሳል” ብላችኋል። ጥያቄው የኑሮ ጥያቄ ነው፤ የቤት ኪራይ እርከን እስኪያልቅ አይጠብቅም። በቡድናችን ውስጥም ሁለት ሐሳብ ነበር። ተነጋግረን የደረስንበት ግን ይህ ነው፦ በዳገት ላይ ውሃው ሳይያዝ የተተከለ አትክልት የአንድ ክረምት ነው፤ ውሃው ከተያዘ በኋላ የተተከለው ለልጆቻችንም ይተርፋል። ለምን እንዲህ እንዳልን እናስረዳ።

ከስሌቱ እንጀምር። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። የእኛ መሬት ወርዱ 50 ሜትር፣ ቁመቱ 100 ሜትር፣ በጠቅላላው 5,000 ካሬ ሜትር ነው። በሐምሌ አንድ ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ በመሬታችን ላይ 150,000 ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው። ይህ ባለ 200 ሊትር 750 በርሜል ይሞላል። ይህ ሁሉ ውሃ ሽቅብ አይሄድም። አፈሩ ተቆፍሮ ከላላና የሚያቆመው ነገር ከሌለ፣ የለፋንበትን አፈርና ብስባሽ ይዞ ይወርዳል። ባለፈው ነሐሴ ይህን በዓይናችን አይተናል። ካልተሠራው የላይኛው አጋማሽ የመጣው ጎርፍ የመጀመሪያው እርከን ላይ ሲደርስ ደለሉን እዚያው አስቀምጦ፣ ቀለል ብሎ በመውረጃው አለፈ። ከዚያ በታች ያሉት ዘጠኝ እርከኖች አንድ መደብ እንኳ አልተነካባቸውም።

ይህ ጥበብ ለሀገራችን አዲስ አይደለም። የኮንሶ ሕዝብ በድንጋይ ካብ የሠራቸው እርከኖች ለብዙ ትውልድ እህል አብልተዋል፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2011 የኮንሶን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እዚያ ያለው ካብ ሦስት ሥራ ይሠራል፤ አፈር ይይዛል፣ ውሃ ያቆያል፣ የተረፈውን ውሃ ደግሞ በሥርዓት ያሳልፋል። ሦስተኛው የሚረሳ ነው። መውጫ ያልተበጀለት ውሃ የራሱን መውጫ ያበጃል፤ ያን ጊዜ ካብም አያቆመውም።

አሁን ወደ አሠራሩ እንምጣ፤ የላይኛውን አጋማሽ ስንጀምር ሁላችሁም እንድትረዱት ነው።

መጀመሪያ ዶማ አላነሳንም። ሁለት እንጨት ከላይ አሥረን እግራቸውን በ2 ሜትር አራራቅን፤ “ለ” ፊደልን መሰለ። መሐሉን በአግዳሚ አያያዝን፤ ከአናቱም ቱንቢ አንጠለጠልን። የግብርና ባለሙያዎች ኤ ፍሬም ይሉታል። የቱንቢው ክር አግዳሚውን የት ሲነካ ሁለቱ እግሮች እኩል ከፍታ ላይ እንደሆኑ ለማወቅ፣ አንድ ጊዜ ምልክት አድርገን፣ እግሮቹን አቀያይረን ሌላ ምልክት አደረግን፤ የሁለቱ ምልክቶች መሐል ልኩ ነው። ከዚያ አንዱን እግር እየተከልን ሌላውን እያዞርን፣ በየእርምጃው ችካል እየመታን ዳገቱን አቋረጥን። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶቻችን ከሁላችንም ቀድመው ለመዱት።

መሬታችን በየ5 ሜትሩ 1 ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ በየ5 ሜትሩ አንድ እርከን፣ በጠቅላላው 20 እርከን ወጣለት። አሥሩ ተሠርቷል፤ አሥሩ ይቀራል። እርከኑን ሙሉ በሙሉ አግድም አላደረግነውም፤ ክረምት ላይ ውሃ ከተኛበት የጎመንና የካሮት ሥር ይበሰብሳል። ከኤ ፍሬሙ አንድ እግር ሥር 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላት ጣውላ ስላደረግን፣ እያንዳንዱ እርከን በ50 ሜትር ርዝመቱ ግማሽ ሜትር ወደ ጎን ይወርዳል። ውሃው ሳይሮጥ፣ እያጠጣ ሄዶ፣ ዳር ላይ በድንጋይ ወደተነጠፈው መውረጃ ይገባል።

ስንቆፍር የላዩን ጥቁር አፈር ለብቻ አስቀመጥን፤ ሥሩን አስተካክለን ስንጨርስ መልሰን አለበስነው። ይህ ሥራ ጊዜ ይበላል፤ ግን የላዩ አፈር ከሥር ከተቀበረ ለዓመታት የሚበቅል ነገር አይኖርም። ለአንድ እርከን የምናንቀሳቅሰው አፈር 30 ሜትር ኩብ ያህል ነው፤ ሁለት ሲኖትራክ ሙሉ ማለት ነው። በባሬላና በአካፋ ነው የሠራነው። ካቡን ያለ ሲሚንቶ፣ ትልልቁን ድንጋይ ከሥር አድርገን፣ ወደ ተራራው ትንሽ ዘንበል አድርገን ካብነው፤ ከኋላው ጠጠር ሞላንበት። ድንጋይ ባልበቃበት ቦታ የእርከኑን አፋፍ ደሾ ሣር ተከልንበት። ደሾ በጨንቻ ደጋ የታወቀ ሣር ነው፤ ሥሩ አፈር ይይዛል፣ ታጭዶ ደግሞ ለላም መኖ ይሆናል።

ከመሬታችን በላይ የባህር ዛፍ ጫካ አለ። እንጦጦና የካን ያለበሰው ባህር ዛፍ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ለከተማው ማገዶ በጠፋ ጊዜ የመጣ ነው። ባለውለታችን ነው፤ ከመካከላችን ከዚያ ጫካ ማገዶ በጀርባቸው ተሸክመው ልጆቻቸውን ያሳደጉ እናቶች አሉ። ለአትክልት ግን ጥሩ ጎረቤት አይደለም፤ ውሃ ይሻማል፣ ቅጠሉም ሌላ ተክል አያሳድግም። ስለዚህ በላይኛው ድንበር ላይ የምንቆፍረው የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ሁለት ጥቅም አለው። ከጫካው የሚመጣውን ጎርፍ ወደ ዳር ይወስዳል፤ ሥሩንም ይቆርጣል። ከቀረው ሥራ ሁሉ የሚቀድመው ይህ ቦይ ነው።

ማዳበሪያችን ብስባሽ ነው። ከሾላ ገበያ የሚጣለውን የአትክልት ገለፈት፣ የከብት እበት፣ ደረቅ ሣር፣ አመድና የቡና አተላ በድርብርብ እንከምራለን፤ እያገላበጥን፣ እርጥበቱን እየጠበቅን በሦስት አራት ወር ይደርሳል። የባህር ዛፍ ቅጠል አናስገባም። የብስባሹ ቦታና ሮቶው ከላይ ጫፍ እንዲሆኑ ያደረግነው በምክንያት ነው። ከባድ ነገር ሽቅብ መውጣት ካለበት፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአህያ ጀርባ ይውጣ፤ ከዚያ በኋላ ብስባሹም ውሃውም ቁልቁል ይምጣ። ማገዶ ተሸካሚ የነበሩት እናቶቻችን ያስተማሩን ይህን ነው።

ብስባሽ የድሃ ማዳበሪያ ነው ብለው የሚንቁት አሉ። ዶ/ር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ወይዘሮ ሱ ኤድዋርድስ የመሩት የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ከትግራይ ገበሬዎች ጋር ሲሠራ፣ በብስባሽ የተዘራው እህል በኬሚካል ማዳበሪያ ከተዘራው የማያንስ፣ በብዙ ቦታም የሚበልጥ ምርት ሰጥቷል። ጥቅሙም ከአንድ ዓመት በላይ በአፈሩ ውስጥ ይቆያል።

ስለ ስሙም አንድ ነገር እናንሳ። “ኦርጋኒክ” የሚለው ቃል በሀገራችን በአዋጅ ቁጥር 488/1998 ሥርዓት የተበጀለት ነው። እኛ የምስክር ወረቀት የለንም። ስለዚህ በከረጢታችን ላይ “ያለ ኬሚካል ማዳበሪያና ያለ ኬሚካል መርጨት የተመረተ” ብለን እንጽፋለን እንጂ ያልተሰጠንን ስም አንለጥፍም። ደንበኞቻችን የሚመጡት በሌላም ምክንያት ነው። በከተማችን ብዙ አትክልት የሚለማው ፍሳሽ በሚገባበት በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ዳር ነው። እኛ ያለነው የእነዚያ ወንዞች ውሃ ከሚነሳበት ከተራራው ወገን ነው፤ የምናጠጣውም ከመጋዘኑ ቆርቆሮ ላይ ያጠራቀምነውን ዝናብ ነው። የ40 ካሬ ሜትር ጣሪያ በ25 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1,000 ሊትር ይሰጣል፤ ከሚባክነው ጥቂት ሲቀነስ ማለት ነው።

የምንተክለውንም ለደጋው የሚስማማውን መርጠናል፤ የሐበሻ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ድንችና ነጭ ሽንኩርት። ጎመን በነበረበት ባቄላ እናስከትላለን፤ ባቄላ አፈሩን ያድሳል፣ ፈረቃውም ተባይን ያሳንሳል። ክሽክሽ ሲመጣ በአመድና በሳሙና ውሃ እንከላከላለን። ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ ስለሚያሰጋ፣ ቀዝቃዛ አየር የሚተኛበትን የታችኛውን ጥግ ችግሩን ለሚችለው ለጎመን ሰጥተነዋል።

እህቶቻችን፣ አሁን ወደሚያከራክረን ነገር እንመለስ። የላይኛው አጋማሽ አንድ ዓመት ይፈልጋል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ አፈሩ እርጥበቱን ሳይጨርስ እንለካለን፣ እንቆፍራለን። እስከ የካቲት ካቡን እንክባለን። የበልግ ዝናብ ሥራችንን ይፈትንልናል፤ የላላውን እናጠብቃለን። ሰኔ ላይ ሣሩን እንተክላለን። ከዚያ መልስ ብቻ ነው ለሽያጭ የሚበቃ አትክልት የምንጠብቀው። በዚህ ዓመት ውስጥ ገቢ የሚመጣው ከታችኞቹ አሥር እርከኖች ብቻ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ ከታችኞቹ እርከኖች ከሚገኘው ገቢ ለሠራተኛ አባላት የሚከፈለው እንዳይቋረጥ፣ የሥራ ቀን በመዝገብ ይያዝ። ዶማ ያነሳች ብቻ አይደለችም የሠራች። ችግኝ የምትጠብቅ አራስ፣ ብስባሽ የምታገላብጥ፣ ዘር የምትለቅም እናት፣ መዝገብ የምትጽፍ ልጅ፣ ሁሏም ቀኗ እኩል ይቆጠርላት።

ሁለተኛ፣ ደጋፊዎቻችን በየሩብ ዓመቱ ስንት ኪሎ እንዳመረትን ትጠይቁናላችሁ። ተገቢ ነው። በመጪው ዓመት ግን ስንት ሜትር እርከን እንደሠራን ጠይቁን። 500 ሜትር ይቀረናል፤ በየወሩ እየለካን እናሳውቃችኋለን። ድጋፋችሁም ለአንድ ምርት ዘመን ሳይሆን ለሦስት ዓመት የታሰበ ቢሆን ሥራው መሐል ላይ አይቆምም።

ሦስተኛውና ከባዱ የመሬቱ ጉዳይ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ እኛ ያለን የመጠቀም መብት ነው። በእጃችን ያለው ወረቀት በየዓመቱ የሚታደስ ነው። ጎመን ለሚተክል አንድ ዓመት ይበቃዋል። ድንጋይ ለሚክብ ግን አይበቃውም። ቡድናችን የላይኛውን አጋማሽ ከመጀመራችን በፊት፣ ቢያንስ የአሥር ዓመት የጽሑፍ ውል እንዲሰጠን ማኅበሩ በይፋ እንዲጠይቅ፣ ደጋፊዎቻችንም በደብዳቤ አብረውን እንዲቆሙ ይለምናል። ለማሳመኛ የምናቀርበው ነገር አለን። ነሐሴ ላይ የታችኛውን አጋማሽ ያዩ ጎረቤቶቻችን፣ ጎርፉ ወደ ደጃቸው እንዳልወረደ ራሳቸው ይመሰክራሉ።

ውሉ ከዘገየ ምን እናድርግ ለሚለው ቡድኑ ሐሳብ አለው። የመቀልበሻውን ቦይ ብቻ እንቆፍር፤ የታችኛውን አጋማሽ እንጠብቅ፤ የላይኛውን አፈር ግን ሣሩን ሳንነካ እንተወው። ለሁለት ወር ጎመን ብለን አናራቁተው።

ውሳኔው የጉባኤው ነው። ጥያቄ ያላችሁ፣ የማትስማሙም ጭምር፣ እጃችሁን አውጡ፤ ከዚያ ድምፅ እንሰጣለን።